የጓዳ መዝገብ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ይጀምር

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «የምንኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ አምስት ነን፤ የምታግዘን ልጅም አለች። ሐሙስና እሑድ ሃያ ሃያ እንጀራ ይጋገራል፤ በየሳምንቱ ሰባት ስምንቱ ሻግቶ ይጣላል። ቲማቲሙ ይበሰብሳል፣ ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ተረስቶ ይኮመጥጣል። እኔና አማቴ ጾም እንይዛለን፤ ልጆቹ አይጾሙም። በስልኬ የጓዳ መመዝገቢያ መተግበሪያ ጭኜ ነበር፤ በደብተርም ሞከርሁ፤ ሁለቱንም ከዐሥር ቀን በላይ አልዘለቅሁበትም። እንዲህ የማባክነው እኔ ብቻ ነኝ? ቤቴ ያለውን ምግብ እንዴት ልከታተል? ደግሞስ የሻገተ እንጀራ ፀሐይ ላይ አድርቆ መብላት ይቻላል?»

እህቴ፣ ከሦስቱ ጥያቄዎች ቀላሉን ላስቀድም። እርስዎ ብቻ አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ፣ ልጣጭና አጥንቱ ጭምር ተቆጥሮ፣ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የወጣው ከመኖሪያ ቤት ነው፤ ለአንድ ሰው ሲካፈል በዓመት 79 ኪሎ ግራም ይደርሳል። እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በሀብታሞቹ አገሮችና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች መካከል ከቤት በሚጣለው ምግብ ላይ የታየው ልዩነት በነፍስ ወከፍ በዓመት 7 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ምግብ መጣል የጠገበ አገር ችግር ነው የሚለውን አባባል ከዚያ ወዲህ አልደገምሁትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ደብተሩን በዐሥረኛው ቀን የተዉት መጀመሪያውኑ በማይዘለቅበት ጫፍ ስለያዙት ነው። እኔ የምግብ ቴክኖሎጂ ተምሬ ሥራ የጀመርሁት በአንድ ሆቴል ግምጃ ቤት ነበር። እዚያ በየመደርደሪያው ቢን ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ ይጻፍበታል፤ አንድ ኪሎ ስኳር ያለ ፊርማ አይወጣም። ትዳር ስይዝ ይህንኑ ካርድ ወደ ጓዳዬ አስገባሁትና ወር ሳይሞላው ትርጉም አጣ። ሆቴሉ ውስጥ አሠራሩ የሚጸናው ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ስላለና ያ ሰው ለዚሁ ሥራ ደመወዝ ስለሚከፈለው ነው። ቤት ውስጥ ግን ፍሪጁን ሁሉም ይከፍተዋል። ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ያገኘውን ይበላል፣ አማት ለሻይ ወተት ይቀዳሉ፣ ጎረቤት ሁለት ራስ ሽንኩርት ይበደራል። ይህን ሁሉ ለመያዝ ጓዳው በር ላይ ዘብ መቆም ያስፈልጋል። መተግበሪያውም ከዚህ አያድንም፤ ካርዱን ወደ ስልክ ከማዛወር በቀር የጨመረው ነገር የለም።

ስለዚህ የምለምንዎት ይህን ነው። ለሁለት ሳምንት ወደ ቤት የሚገባውን መጻፍ ይተዉና የሚጣለውን ብቻ ይጻፉ። የሚገባውና የሚበላው በቀን ሠላሳ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የሚጣለው ግን ሁለት ወይም ሦስት መስመር ቢሆን ነው። ከቆሻሻ ቅርጫቱ በላይ ወረቀት በሚስማር ይስቀሉ፤ እርሳሱን በክር ያንጠልጥሉት፤ እርሳስ የሚፈለግበት መዝገብ ሦስት ቀን አይቆይም። ሚዛን አያስፈልግም። እንጀራ በቁጥር፣ ወጥ በጭልፋ፣ ወተት በብርጭቆ፣ አትክልት በፍሬ ይጻፍ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ አጥንት አይቆጠርም፤ ሊበላ ይችል የነበረው ብቻ ነው የሚመዘገበው።

ልፋቱ ሁሉ ያለው ምክንያቱን መጻፍ ላይ ነው። «ተበላሸ» ብለው አይለፉት፤ የሁሉም ነገር መጨረሻ መበላሸት ስለሆነ ምንም አይነግርዎትም። የት ተቀምጦ ነበር? መቼ ተሠራ? ለምን ሳይነሣ ቀረ? እንዲህ ያለ መዝገብ ይሁን፦

ሰኞ፦ እንጀራ 3። ሻገተ። ሐሙስ የተጋገረ፣ ከመሶቡ ሥር የተገኘ።
ሰኞ፦ ቲማቲም 5 ፍሬ። ከፌስታሉ ሳይወጣ አልቦት በሰበሰ።
ረቡዕ፦ ሩዝ 1 ሳህን። ልጆቹ የተረፋቸው፣ ውጭ ያደረ።
ቅዳሜ፦ ቀይ ወጥ 4 ጭልፋ። ማክሰኞ ማታ የተሠራ፤ ጾም ገባበት፣ ከዚያ ተረሳ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህ ወረቀት ቤት ውስጥ የምታግዛችሁን ልጅ መክሰሻ እንዳይሆን። ምግብ ስትጥል የሚቆጣት ሰው ካለ በስውር መጣል ትጀምራለች፤ ወረቀቱም ንጹሕ ሆኖ ይከርምና ቤቱ የዳነ ይመስላል። በብዙ ቤት አይቼዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ራስዎ ይጻፉ፤ እርስዎ የረሱትን ወተት፣ እርስዎ አብዝተው የገዙትን ሰላጣ። ልጅቷ ያን ጊዜ እርሳሱን ሳትፈራ ትይዛለች። ደግሞም ከሁላችሁ በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ መሶቡን የምትከፍተው፣ ድስቱን የምታጥበው እሷ ስለሆነች ምክንያቱን ቢጠይቋት ትነግርዎታለች።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወረቀቱን አውርደው ይቁጠሩ። ከጥቂት ምግቦች በላይ እንደማይደጋገሙ እገምታለሁ፤ ጥያቄዎም ላይ ያነሡት እንጀራ፣ ቲማቲምና ወጥ ነው። መከታተል ያለብዎት እነዚህን ብቻ ነው። የቀረው ጓዳ ራሱን ይጠብቅ።

እንጀራው ብዙ ስለሆነ ጊዜ ልስጠው። እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ እርሾው ሊጡን አኮምጥጦት ስለሚያድር ባክቴሪያ በቀላሉ አይራባበትም። ሻጋታ ግን ኮምጣጣነትን ይችላል፤ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በሦስትና በአራት ቀን ይታያል፤ በክረምት ከዚያም ይፈጥናል። ስለዚህ የእንጀራ ጉዳይ የቀን ቆጠራ ጉዳይ ነው። አሁን ልብ ብለው ያስቡት። ሐሙስ ከተጋገረው አምስት እንጀራ ተርፎ ሳለ እሑድ ሃያ ይጋገራል። አዲሱ የት ይቀመጣል? በአሮጌው ላይ ይደረባል። ሲበላ የሚነሣውስ ከየት ነው? ከላይ። የሐሙሱ እንጀራ ሥር እንደተኛ ሰኞ አራት ቀን፣ ማክሰኞ አምስት ቀን ይሞላዋል። ሻጋታው ወደ ላይኛው የሚዛመተውም ከዚያው ነው። በግምጃ ቤት ቋንቋ «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» የሚባለው ሕግ መሶቡ ውስጥ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ይገለበጣል ማለት ነው። ይህን የሚያርመው መተግበሪያ አይደለም፤ ሁለት ማስቀመጫ ነው። አንዱ የሐሙስ፣ አንዱ የእሑድ ይሁን፤ ያለፈው ሳያልቅ አዲሱ አይከፈት። መሶብዎ አንድ ብቻ ከሆነ አዲሱ ሲቀዘቅዝ አሮጌውን ከላይ ያድርጉት።

«ሲቀዘቅዝ» ያልሁት በምክንያት ነው። ከምጣድ የወጣ እንጀራ ትኩስ ሳለ ከተደራረበና ከተሸፈነ፣ በተለይ በፌስታል ከተጠቀለለ፣ ያልበዋል፤ ላቡ ለሻጋታ እንደ ዝናብ ነው። ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ እንፋሎቱ ይውጣ። መሶቡንም በየጊዜው ጠርገው ፀሐይ ያስመቱት፤ ባለፈው ሳምንት የሻገተበት መሶብ የሻጋታውን ዘር በስንጥሩ መካከል ይዞ ይጠብቃል።

ቀጥሎ ቁጥሩን እናስላ። በሳምንት አርባ ጋግራችሁ ስምንት ከጣላችሁ የበላችሁት ሠላሳ ሁለት ነው፤ በቀን ከአምስት ያነሰ። የሐሙሱ እንጀራ ለሦስት ቀን ነው፤ ዐሥራ አራት ይበቃዋል። የእሑዱ ለአራት ቀን ነው፤ ዐሥራ ስምንት ወይም ዐሥራ ዘጠኝ ይሁን። ለጥንቃቄ አንዳንድ ይጨምሩ። ችግሩ ይህን ውሳኔ የምንወስነው ምጣዱ ከጋለ በኋላ መሆኑ ነው፤ የተቦካ ሊጥ አይመለስም፤ ያለው ሁሉ ይጋገራል። ቁጥሩ መወሰን ያለበት ዱቄቱ በሚቦካበት ቀን፣ ማለትም ከመጋገሪያው ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ ነው። እንግዲህ ከቡኮ ዕቃው አጠገብ አንዲት ትንሽ ወረቀት ትለጠፍ፤ «ባለፈው ስንት ተጋገረ፣ ስንት ተረፈ» የምትል። ዱቄት የምትለካው ልጅ ያን አይታ ከጣሳው ትቀንሳለች ወይም ትጨምራለች። ይህች ወረቀት ብቻዋን ከሙሉ የጓዳ ደብተር የበለጠ ጤፍ ታድናለች ብዬ አምናለሁ። ጤፉ ብቻም አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚጎትት ነው፤ ተጋግሮ የተጣለ እንጀራ የመብራቱንም ዋጋ ይዞ ይሄዳል።

ወጡ ላይ ደግሞ የወጥ ቤትዎ ሰዓት የሚዞረው በጾም ቀኖች መሆኑን ጥያቄዎ ይነግረኛል። የማክሰኞ ማታውን ወጥ መንገድ ይከተሉ። ማክሰኞ ማታ ቀይ ወጥ ተሠራ፤ ግማሹ ተረፈ። ረቡዕ እርስዎና አማትዎ አይነኩትም፤ ልጆቹ ትንሽ ይበላሉ። ሐሙስ ሲከፈት ሁለተኛ ቀኑን ይዟል፤ ግን ሐሙስ ማታ ነገ ጾም ነው ተብሎ ሌላ የፍስክ ምግብ ይሠራል። ዓርብ እንደገና ጾም። ቅዳሜ ድስቱ ሲገኝ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ሽታው ያጠራጥራል፤ ይደፋል። ማንም አላጠፋም፤ ምግቡ ሁለት ጾም መካከል ተጨፍልቆ ነው የጠፋው።

መፍትሔው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል። ትርፍ ማብሰል ካለብዎ የጾሙን ያትርፉ። የምስር ወጥ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ሽሮ ከተረፈ በማንኛውም ቀን ይበላል፤ ጾመኛውም የማይጾመውም ያነሣዋል። የፍስክ ወጥ ከተረፈ ግን ዕድሉ ግማሽ ነው። ስለዚህ የማክሰኞና የሐሙስ ማታ የፍስክ ምግብ በዚያው ምሽት በሚያልቅ ልክ ይሠራ፤ ወይም እነዚህ ሁለት ምሽቶች የቀደመው የሚጨረስባቸው ይሁኑ፤ አዲስ ድስት አይጣድባቸው። እኔ ቤት ማክሰኞ ማታ ፍሪጁ በር ተከፍቶ «ነገ የማንበላው ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ የተሻለ የፍሪጅ ቆጠራ አላውቅም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ ማስታወሻም አያስፈልገውም፤ ቀኑ ራሱ ያስታውሳል።

ለረጅሞቹ አጽዋማትም እንዲሁ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም 43፤ ፍልሰታ 15። እናቶቻችን ቅበላ ሲቃረብ ጓዳቸውን ይፈትሹ ነበር፤ ቅበላ የመብያ ሳምንት ብቻ ሳይሆን የፍስክ ምግብ የሚጠናቀቅበት ነው። እርስዎ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ይጀምሩ። እንቁላልና ወተት በዚያ ጊዜ ልጆቹ ከሚበሉት በላይ አይገዛ። ለጋው ቅቤ ይነጠር፤ ውኃውና አጓቱ ከወጣለት ቆይቶ ይጠብቅዎታል። የተረፈ ጥሬ ሥጋ ገና ትኩስ ሳለ ቋንጣ ይሁን፤ ሊበላሽ ሲል አይደለም። አይብ ግን አይጠብቅም፤ እሱን ብሉት። በረመዳን ለምትጾሙ አንባቢዎቼ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው፤ ከሰዓት በኋላ በባዶ ሆድ የሚለካ የማፍጠሪያ ምግብ ሁልጊዜ ይበዛል። ሳምቡሳውን በቁጥር፣ ሾርባውን በጎድጓዳ ሳህን ለክተው ከቀትር በፊት ይወስኑ።

ስለ እንግዳም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ በጥያቄዎ ባያነሡትም በእያንዳንዳችን ድስት ውስጥ አለና። «ሰው ቢመጣስ?» ብለን አንድ ሁለት ጭልፋ እንጨምራለን። ይህ መልካም ጠባያችን ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን እንግዳው በየቀኑ አይመጣም፤ ድርሻው ግን በየቀኑ ይበስላል፤ በየቀኑም ይተርፋል። የእንግዳውን ድርሻ በደረቁ ያስቀምጡለት። ሽሮ ዱቄት ካለ ወጡ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ቁሌቱን፣ ማለትም ሽንኩርትና በርበሬውን አቁላልተው፣ በትንንሽ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ቢያኖሩ ደግሞ ምስርም እንቁላልም ይጨመርበታል። አማትዎ ይህን በመጀመሪያ በቁጠባ ሳይሆን በንፉግነት ሊተረጉሙት ይችላሉ። ስለዚህ ከመከልከልዎ በፊት ፍሪዘሩን ከፍተው ያሳዩዋቸው፤ እንግዳው የሚበላው እንዳለ በዓይናቸው ሲያዩ ልባቸው ያርፋል። በእሳቸው ዘመን ጎታውና የቅቤ ቅሉ ይህንኑ ሥራ ይሠሩ ነበርና ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም።

ቲማቲሙን በአጭሩ። አንድ ጊዜ ለሳምንት የሚገዙ ከሆነ አንድ ዓይነት ብስለት ያለው አይግዙ፤ ለዛሬ ቀዩን፣ ለሳምንቱ አጋማሽ ጋማውን፣ ለመጨረሻው አረንጓዴውን ይምረጡ። ቤት እንደገባ ከፌስታሉ ይውጣ፤ ሳይታጠብ፣ ሳይደራረብ ይቀመጥ። የተሰነጠቀውና የተጨፈለቀው በዚያው ቀን ስልስ ይሁን፤ አንዱ የበሰበሰ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ሙዝ፣ አቮካዶና ማንጎ ሲበስሉ ሌላውን የሚያበስል ጋዝ ስለሚያወጡ ከጎመንና ከካሮት ይራቁ። ድንችና ሽንኩርት በአንድ ቅርጫት አይኑሩ፤ ድንች ጨለማ፣ ሽንኩርት ነፋስ ይወድዳል። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች መራራ መርዝ ያጠራቅማልና አረንጓዴው ክፍል በጥልቀት ተቆርጦ ይጣል፤ ከበዛ ሙሉውን ይጣሉት።

ከሁለቱ ሳምንት በኋላ የሚቀጥል መዝገብ ያስፈልጋል ወይ? ትንሽ። ፍሪጁ በር ላይ አንድ ወረቀት ይኑር፤ በሳምንት ውስጥ ሊበላሽ የሚችለው ብቻ ይጻፍበት፤ ሲያልቅ ይሰረዝ። ከአምስት ስድስት መስመር ከበለጠ መዝገቡ ሳይሆን ፍሪጁ ነው የበዛው። በየዕቃው ክዳን ላይ ፕላስተር ለጥፈው የተሠራበትን ቀን ይጻፉ፤ «ይህ ወጥ የመቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀን ካልተጻፈ መልሱ ሁልጊዜ መድፋት ነው። የታሸገ ዕቃ ሲገዙም እንዲሁ ያድርጉ። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነና ከእኛ ጋር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለው፣ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ በሚገባው አቆጣጠር በጉልህ ይጻፉበት። «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጣዕምና ጥራት ነው፤ የፓስታ ወይም የብስኩት ቀን ስላለፈ ብቻ መጣል አይገባም። «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለውን ግን ያክብሩት።

ደረቁን እህል አይቁጠሩ። የሚያሳይ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡትና በማርከር አንድ መስመር ያስምሩበት፤ ሽሮው ከመስመሩ ሲወርድ ይገዛል፤ ከመስመሩ በላይ ሳለ ርካሽ ቢሆንም አይገዛም። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ ባቄላ፣ ሽምብራና በቆሎ ግን ይነቅዛሉ። ፍሪዘር ያለው ሰው የገዛውን ባቄላ ለአራት ቀን ያህል ፍሪዘር ውስጥ ቢያቆየው የነቀዙ እንቁላልም ይሞታል። አዲስ በርበሬ ሲመጣ በአሮጌው ላይ መገልበጥ ያው የመሶቡ ስሕተት ነው። እርጥብ ማንኪያም አይግባበት፤ በርበሬ እርጥበት ካገኘ የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

አሁን ደግሞ ማዳን የሌለብዎትን ልንገርዎት፤ ብክነትን የሚጠላ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይደፍራልና። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ በጥልቅ ድስት እንዳለ ለመቀዝቀዝ ስለሚዘገይ ወደ ሰፋፊ ዕቃ ከፋፍለው ፍሪጅ ያስገቡት። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ወጥ ሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ሲሞቅም እስኪንተከተክ ይሙቅ። ጠዋትና ማታ እያፈሉ ወጥን ማቆየት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ማፍላት አብዛኞቹን ተሕዋስያን ይገድላል፤ አንዳንዶቹ አስቀድመው የተዉትን መርዝ ግን አያጠፋውም። ከላይ በምሳሌው መዝገብ ላይ የጻፍሁት ውጭ ያደረ ሩዝ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ መጣሉ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ ማደሩ ነው። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አይክፈቱ፤ ተዘግቶ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር ሁለት ቀን፣ ግማሽ የሆነ አንድ ቀን ይቆያል።

የማይቀረው ልጣጭና ቅርፊት ቦታ ካለዎት በጆንያ ወይም በቀዳዳ ባልዲ ከደረቅ ቅጠል ጋር ተደርቦ ብስባሽ ይሁን። የከተማችን ቆሻሻ ሲቀበር በውስጡ ያለው የምግብ ትርፍራፊ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን ጋዝ ያወጣል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ይጣል» የሚለውን ቃል ስሰማ የት ነው የሚጣለው የሚለው ጥያቄ ይከተለኛል። ከቤታችን የወጣው ምግብ የሚያርፈው ሰው በሚኖርበት አጠገብ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የሻገተው እንጀራ ነበር። አይብሉት፤ ለልጆቹም አይስጡ። ዓይን የሚያየው አረንጓዴ ወይም ነጭ ነጥብ የሻጋታው አበባ ነው፤ ክሩ በእንጀራው ዓይኖች መካከል ገብቶ ርቆ ሄዷል። ፀሐይ ያደርቀዋል፤ መርዝ ካለበት ግን መርዙን አያወጣለትም፤ ምጣድና ድስትም እንዲሁ። ቆርሶ መጣልም አያስተማምንም፤ ለስላሳና ቀዳዳ ያለው ምግብ ነውና። ለዶሮም ለከብትም አይሰጥ።

ሳይሻግት በፊት ግን መንገዱ ሰፊ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ እንደሚተርፍ ካዩ በመካከሉ ወረቀት እያደረጉ አጥፈው ፍሪዘር ያስገቡት፤ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን እንዲህ እያቆዩ በእንፋሎት ወይም በማይክሮዌቭ አለስልሰው ይበላሉ። ፍሪጅ ውስጥ ካስገቡት ሻጋታው ይዘገያል፤ እንጀራው ግን ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፤ ለፍርፍር እንጂ ለመጠቅለያ አይመችም። ፍሪዘር ከሌለ ድርቆሽ ያድርጉት፤ ጊዜውም የመጋገሪያው ቀን ራሱ ነው። ሐሙስ ምጣዱ ከመጣዱ በፊት መሶቡን ከፍተው የእሑዱን ትርፍ ያውጡ፤ ሻጋታ የሌለበት መሆኑን በብርሃን ፊት ለፊትና ጀርባውን ይዩት፤ በጣት ስፋት ይቁረጡት። የመጨረሻው እንጀራ ወጥቶ መብራቱ ሲጠፋ ምጣዱ ገና ለረጅም ጊዜ ይሞቃል፤ ቁራጩን እዚያ ላይ ዘርግተው ይተዉት፤ በማግሥቱ በፀሐይ ይጨርሱት፤ በእጅ ሲሰበር ቀጭ የሚል ከሆነ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይግባ። አዲሱ እንጀራ የሚገባው ያን ጊዜ ባዶ በሆነው መሶብ ነው።